ፈጣኑ ዘገምተኛ

«ፈጣን» የሚለው ቃል እንደ ተናጋሪው ሙያ የሚለካ ነው። ለማራቶን ሯጭ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ፈጣን ነው፤ ለጤፍ ገበሬ በሦስት ወር የደረሰ አዝመራ ቶሎ የደረሰ ነው። በረቂቅ ተሕዋስያን ቤተ ሙከራ ውስጥም ቃሉ የራሱ መለኪያ አለው። በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሁኔታው ሲመቸው በሃያ ደቂቃ አንድ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ ማታ የተዘራው ጠዋት በዓይን ይታያል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን አንድ ጊዜ ለመከፈል ወደ ሃያ ሰዓት ይፈጅበታል፤ በጠጣር ማብቀያ ላይ በዓይን የሚታይ ነቁጥ እስኪሆን ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ሌላ ወገን አለ። ከሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር አንድ የዘር ሐረግ ይጋራል፤ ግድግዳውም እንደዚያኛው ሰም በሚመስል ስብ የተለበጠ ነው። በተዘራበት ማብቀያ ላይ ግን ሰባት ቀን ሳይሞላ፣ ብዙ ጊዜም በሦስትና በአምስት ቀን መካከል ብቅ ይላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኧርነስት ረንየን እ.ኤ.አ. በ1959 ከሳንባ ነቀርሳና ከሥጋ ደዌ ውጪ ያሉትን የዚህን ዘር ባክቴሪያዎች በአራት ምድብ ሲከፍላቸው፣ አራተኛው ምድብ «ፈጣን አዳጊዎች» ተባለ። ፍጥነታቸው ግን ከዘመዶቻቸው አንጻር ብቻ ነው፤ ከሌላው ባክቴሪያ ጋር ሲተያዩ ዘገምተኞች ናቸው። በሰው ላይ የሚያደርሱት መጉላላትም አብዛኛው ከዚህ ከድርብ ጠባያቸው የሚመነጭ ነው፦ ለአንዱ መርማሪ እጅግ የዘገዩ፣ ለሌላው እጅግ የፈጠኑ ሆነው በሁለቱ መካከል ያመልጣሉ።

ቤተሰቡ በምሥራቅ አፍሪካ እንግዳ አይደለም። ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ፣ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ለይተው ካሳወቁ ወዲህ፣ ሁለቱ በሽታዎች የወገኑ ታላላቆች ሆነው ኖረዋል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የሐንሰንን ስም የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ወገኑ ከሁለቱ እጅግ የሰፋ ነው። ዛሬ ከ150 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹም ሰውን ሳይፈልጉ በአፈር፣ በወንዝ፣ በሐይቅና በከተማ የውሃ ቧንቧ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ሰውነት ውስጥ የሚገቡት በር ሲከፈትላቸው ነው። ከእነዚህ መካከል ስሙ ራሱ ይህን ጠባዩን የሚናገር አንድ ዝርያ አለ፦ ማይኮባክቴሪየም ፎርቱዪተም።

ስሙ ሁለት ክፍል ነው። ሁለቱንም ወደ አማርኛ ለማምጣት የሚሞክር ሰው ከመንገድ መሰናክል ያጋጥመዋል። «ማይኮ» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ፈንገስን ያመለክታል። ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ1896 ሲወጣ፣ ባክቴሪያው በፈሳሽ ማብቀያ ላይ እንደ ሻጋታ ቆዳ ሠርቶ ስለታየ ነው እንጂ ከፈንገስ ጋር ዝምድና የለውም። «ፎርቱዪተም» ደግሞ ላቲን ነው። ችኩል ተርጓሚ «ዕድለኛ» ሊለው ይችላል፤ የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነውና ስሕተቱ ቅርብ ነው። ትክክለኛ ፍቺው ግን «በአጋጣሚ የሆነ፣ ሳይታሰብ የመጣ» ማለት ነው። ብራዚላዊው ዳ ኮስታ ክሩዝ እ.ኤ.አ. በ1938 ይህን ስም ያወጣለት በመርፌ ከተወጋ ሰው እባጭ ውስጥ ባገኘው ጊዜ ነበር። በኋላ ሲመረመር ይኸው ፍጡር ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ከእንቁራሪት ተገኝቶ በእንቁራሪት ስም ተጠርቶ እንደ ነበር ታወቀ። በሳይንስ ሥርዓት የቀደመው ስም ይጸና ነበር፤ ሐኪሞች የለመዱት ግን ሁለተኛውን ስለ ነበር «የአጋጣሚው» የሚለው ጸና። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የዘር መረጃን መሠረት ያደረጉ ተመራማሪዎች የዘሩን የመጀመሪያ ስም ወደ ማይኮሊሲባክቴሪየም እንቀይር ብለው አቀረቡ፤ ብዙ ሐኪሞች ግን የበሽተኛ መዝገብ በስም ለውጥ እንዳይምታታ ፈርተው አሮጌውን ይዘው ቀጥለዋል። ስም መለወጥ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በታማሚ አልጋ ዘንድ ግን ዋጋ አለው።

የመርፌው ነገር በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። በብዙ የአፍሪካ ቀንድ አካባቢዎች መርፌ ከክኒን ይልቅ የሚታመን መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። «ክኒን ሰጥቶ ሸኘኝ» የሚል በሽተኛ ቅር ተሰኝቶ ነው፤ «መርፌ ወጋኝ» የሚል ግን ታከምሁ ማለቱ ነው። በየመንደሩ መርፌ በመውጋት የሚታወቅ ሰው ነበር፤ ብልቃጡን ከመደብር ገዝቶ የሚመጣውም ብዙ ነበር። ባክቴሪያው ይህን መንገድ የሚወደው መርፌውን ስለሚወድ አይደለም። መርፌው ወይም መድኃኒቱ የተበጠበጠበት ውሃ፣ ቆዳው የተጠረገበት ጥጥ፣ ብልቃጡ የተነከረበት ፈሳሽ በቧንቧ ውሃ ከተነካ፣ ያ ሰም ለበስ ፍጡር አብሮ ሊገባ ስለሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በኮሎምቢያዋ ባራንኪያ ከተማ በአንድ ክሊኒክ የማደንዘዣ መርፌ የተወጉ ወደ 350 ሰዎች በተወጉበት ቦታ ላይ እባጭ አወጡ፤ ጥፋተኛው የፎርቱዪተም የቅርብ ዘመድ የሆነው አብሴሰስ ነበር። በብራዚል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት በትንሽ ቀዳዳ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከ1000 በላይ ሰዎች በተመሳሳይ ባክቴሪያ ቆስለዋል። መሣሪያዎቹ በ2 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ ይነከሩ ነበር፤ የተስፋፋው ዝርያ ግን ያንን ፈሳሽ የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ።

በሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚሠራውን በዝግታ ነው የሚሠራው። ቁስሉ ወይም ቀዳዳው ይድናል፤ ሰውየውም ነገሩን ይረሳዋል። ከሦስት ሳምንት፣ ከወር፣ አንዳንዴም ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ቦታ ላይ ጠጠር ያለ እባጭ ይነሣል። ብዙ አያተኩስም፤ ትኩሳትም አያመጣም። ይቀላል፤ ከዚያም ወደ ወይን ጠጅነት ያደላል፤ ፈንድቶ ቀጭን መግል ያወጣል፤ ይደርቃል፤ ከጎኑ ሌላ ይወጣል። ብጉንጅ ይመስላል። ብጉንጅ ግን በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለይለታል፤ ይህኛው ወራትን ይቆጥራል። ለብጉንጅ የሚታዘዙት የተለመዱ መድኃኒቶችም ብዙውን ጊዜ አይነኩትም።

በናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ብዙ ዘመን የኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ይህን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጉዘውታል። ወገባቸውን ታመው ከአንድ ትንሽ ክሊኒክ ታፋቸው ላይ መርፌ ተወጉ፤ ወገባቸው ተሻላቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ የተወጉበት ቦታ አበጠ። ጎረቤት «ብጉንጅ ነው፣ ራሱ ይፈነዳል» አለ፤ ፈነዳም። አሞክሳሲሊን ታዘዘላቸው፤ ቁስሉ ገጠመና ከጎኑ ሌላ ተከፈተ። መግሉ ተወስዶ ተመረመረ፤ በሁለተኛው ቀን «ምንም አልበቀለም» የሚል ወረቀት መጣ። ያ ወረቀት ውሸት አልነበረም። በብዙ ቤተ ሙከራዎች የተለመደ የመግል ዘር ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይጠበቅም፤ ሳህኑ ይጣላል። የወይዘሮዋ ሳህን የተጣለው ምናልባት ሊበቅልበት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

በሦስተኛው ወር ሌላ ሐኪም ጥርጣሬ ገባውና መግሉ በቀይ ቀለም ተቀብቶ በአሲድ ታጥቦ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ አዘዘ። ይህ ዘዴ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ነው፦ ተራው ባክቴሪያ ቀለሙን ሲለቅ፣ ሰም የለበሰው አይለቅም። በሰማያዊው መደብ ላይ ቀያይ ዘንጎች ታዩ። ሐኪሙ ያየው እውነት ነው፤ የደመደመው ግን ከታየው አለፈ። ቀያዮቹ ዘንጎች የሚናገሩት የወገኑን ስም እንጂ የግለሰቡን አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገር ቀይ ዘንግ ያየ ሐኪም ወደ ነቀርሳ ቢያዘነብል ግን ማን ይፈርድበታል? ወይዘሮዋ የቲቢ መድኃኒት ጀመሩ።

ከመድኃኒቱ ይልቅ ቃሉ ቀድሞ ሠራ። በአማርኛ «ነቀርሳ» ሁለት ፍርሃት የሚሸከም ቃል ነው፤ የሳንባ ነቀርሳም ነው፣ በብዙ ሰው አፍ ደግሞ ካንሰርም ነው። «ቲቢ» ሲባልም የሚታሰበው ሳልና ርቀት ነው። ወይዘሮዋ ሳል አልነበራቸውም፤ የቆዳ ቁስል በስኒ እንደማይተላለፍም የሚነግር ሰው አልነበረም። በሰፈሩ የቡና ጊዜ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። «እትዬ፣ አይነሡ፤ ዛሬ እኔ ላፍላ» ይሏቸው ነበር፤ ይህ ደግነት ነበር፤ ፍርሃትም ነበር። ጥቂት ሰንብተው ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ከንፈሩ የተሸረፈው ስኒ ሁልጊዜ የሚደርሰው ለእሳቸው ነበር። ስኒው እንደ ሌሎቹ ታጥቦ ከረከቦቱ ላይ ይመለስ ነበር፤ ነገር ግን በሌላው ሰው እጅ ሲገባ አይተውት አያውቁም። ለማንም ምንም አላሉም።

የቲቢ መድኃኒቱ ሁለት ወር ተወሰደ፤ ቁስሉ ሦስት ሆነ። ልጃቸው ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰዳቸው። በዚያ አንዲት ሐኪም ከመርፌው ጀምራ ታሪኩን ጠየቀች፤ ከቁስሉ ጥልቀት ናሙና ወስዳም ቤተ ሙከራው ሳህኑን ከሳምንት በላይ እንዲያቆየው ጻፈች። በአምስተኛው ቀን በቀለ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በአምስት ቀን አይበቅልም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ራሱ ምስክር ሆነ። ዝርዝሩ ሲጠናቀቅም ፎርቱዪተም መሆኑ ታወቀ።

ሐኪሟ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ልጃቸው ተረጎመ።

«እማዬ፣ ቲቢ አይደለም ትላለች። የቲቢ ዘመድ ነው።»

«ዘመዱ ከሆነማ ያው ደሙ ነው፤ ምን ለየው?» አሉ።

ልጁ ያን ጊዜ ቃሉ ምን እንዳደረገ ገባው። የሳይንስ «ዝምድና» በዘር ሐረግ ላይ ያለ መስመር ነው፤ የአማርኛው «ዘመድ» ግን የዘመዱን ዕዳ የሚከፍል፣ በዘመዱ ነውር አንገቱን የሚደፋ ነው። ተመልሶ ሐኪሟን ጠየቀና እንደገና ሞከረ።

«ስሙ ቢቀራረብም ጠባዩ ሌላ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። በውሃና በአፈር የሚኖር ነው፤ በመርፌው ሳይሆን አይቀርም የገባው።»

«ከሰው አልያዘኝም?»

«አልያዘሽም። ለሰውም አታስተላልፊም።»

ወይዘሮዋ ዝም አሉ። ከዚያም ልጁ ያልጠበቀውን ተናገሩ፦ «እንግዲያውስ ስኒዬን ይመልሱልኝ።»

ቁስሉ ተከፍቶ የሞተው ሥጋ ተጠረገ፤ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አብሮ ለአምስት ወር ተወሰደ። ከነምልክቱ ዳነ። የስኒው ጉዳይ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ፈጀ። በወረቀት ላይ የተሻረ ስም ከሰፈር አፍ ቶሎ አይሻርም። ጎረቤቶቹን ያሳመናቸው የሐኪም ቃል አልነበረም፤ ልጃቸው ሕፃን ልጁን በአያቷ ጭን ላይ አስቀምጦ ከእጃቸው ሲያጎርሳት ማየታቸው ነው።

ሕክምናው ለምን ሁለት መድኃኒት እንደሚፈልግ የባክቴሪያውን ጠባይ ሲያዩት ግልጽ ይሆናል። ሰም ለበሱ ግድግዳ ብዙ መድኃኒት አያስገባም። የሳንባ ነቀርሳ ዋና መድኃኒቶች የሆኑት አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ በእርሱ ላይ የሚያመጡት ለውጥ እምብዛም ነው። በአንጻሩ አሚካሲን፣ እነ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሰልፋ ብዙ ጊዜ ይሠራሉ፤ የትኛው እንደሚሠራ ግን በየናሙናው መመርመር አለበት። ክላሪትሮማይሲንን የመሳሰሉት ደግሞ የሚያታልሉ ናቸው፦ ባክቴሪያው መድኃኒቱ ሲቀርበው የሚነቃ የመቋቋሚያ ዘረመል ስላለው፣ በመጀመሪያው ቀን የተሸነፈ መስሎ ቆይቶ በኋላ ይቋቋማል። አንድ ብቻ ቢሰጠውም መልመድ ይችላል። ስለዚህ ለከበደ የቆዳ ቁስል ቢያንስ አራት ወር፣ ለአጥንት ደግሞ ስድስት ወር በጥምር መታከም የተለመደ ነው። እጅግ አስቸጋሪ በሆነው ዘመዱ በአብሴሰስ ላይ ዛሬ ከሚሞከሩት መድኃኒቶች አንዱ ለሥጋ ደዌ ሲያገለግል የኖረው ክሎፋዚሚን መሆኑም የወገኑን አንድነት ያስታውሳል፤ የታላቁ በሽታ መድኃኒት ለታናሹ ተረፈ።

መርፌ ግን ብቸኛው በር አይደለም። ስለዚህ ባክቴሪያ ከተጻፉት ታሪኮች በብዛት የሚጠቀሰው የተፈጸመው በሆስፒታል ሳይሆን በውበት ቤት ነው። ዋትሰንቪል በሰሜን ካሊፎርኒያ የምትገኝ፣ በእንጆሪ እርሻዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 አንድ ሐኪም ከጉልበት በታች በከባድ ብጉንጅ የተያዙ አራት ሴቶችን አየ፤ አራቱም የአንድ ጥፍር ማስዋቢያ ቤት ደንበኞች ነበሩ። የጤና መርማሪዎች ሲከታተሉ የተያዙት ደንበኞች ቁጥር 110 ደረሰ። አንዳንዷ አንድ ብጉንጅ ብቻ ነበራት፤ አንዷ ደግሞ 37።

በዚያ ቤት ደንበኛዋ በወንበር ላይ ተደላድላ ትቀመጣለች፤ እግሯ ሞተር በሚያሽከረክረው ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይነከራል። መርማሪዎቹ ውሃው ተመልሶ የሚገባበትን ወንፊት ሲፈቱ ከኋላው የተከማቸ ፀጉርና የቆዳ ቅርፊት አገኙ። ከአሥሩም ገንዳዎች ፎርቱዪተም በቀለ። ከሦስት ገንዳዎችና ከ14 ሕሙማን የተወሰዱት ናሙናዎች በዘር አሻራቸው የማይለያዩ ሆኑ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳዝነው ሌላ ግኝት ነው፦ ከታመሙት 70 በመቶው ወደዚያ ከመሄዳቸው በፊት እግራቸውን በምላጭ ተላጭተው ነበር፤ ካልታመሙት ግን እንዲህ ያደረጉት 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። ምላጩ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል፤ ጭረቱ በር ነው። ያልተላጨ እግር ለሰው ማሳየት ያፈሩት ሴቶች ለሐፍረታቸው ሲሉ በሩን ከፍተው ገቡ።

ከእነዚያ ሕሙማን 61ዱን የተከታተለ ጥናት በሽታው በአማካይ 170 ቀን እንደ ቆየባቸው አሳይቷል። ብዙ ብጉንጅ የነበራቸው መድኃኒት ቶሎ ሲጀምሩ ቶሎ ድነዋል። በኋላ በካሊፎርኒያ አምስት አውራጃዎች 18 ውበት ቤቶች ተመርጠው 30 ገንዳዎች ሲመረመሩ፣ በ29ኙ ውስጥ የዚህ ወገን ባክቴሪያዎች ተገኙ። የተገኙት ቤቶቹ የተለየ ቆሻሻ ስለነበሩ አይደለም፤ ባክቴሪያው ከቧንቧ ውሃ ጋር ስለሚመጣ፣ ክሎሪንን ከብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በላይ ስለሚቋቋም፣ በቧንቧ ውስጠኛ ገጽ ላይም አተላ መሳይ ሽፋን ሠርቶ ስለሚደበቅ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአማርኛ ተረት ለጎርፍ የተነገረ ቢሆንም፣ ለዚህ ሞቃት ገንዳም የሚሆን ነው።

እግር ማጠብ በኢትዮጵያ የቆየ ክብር ነው። ለመንገደኛ እንግዳ እግር ማጠብ የቤቱ ወግ ነበር፤ በጸሎተ ሐሙስም ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በዚያ ወግ ውሃው ከማንቆርቆሪያ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ ሳፋ ይፈስሳል፤ ከሳፋውም ይደፋል። አይመለስም። የዋትሰንቪሉ ወንበር ያመጣው አዲስ ነገር ምቾት ብቻ አልነበረም፤ የአንዷን እግር ውሃ በስውር ቧንቧ አዙሮ፣ ቅሪቱን ለቀጣይዋ የሚያቆይ መንገድም ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ እግር የምትታጠብ ሴት በርካሽ ሳፋ ስለታጠበች ልታፍር አይገባትም፤ ስውር ቧንቧ የሌለው፣ ተደፍቶ፣ ተፈግፍጎ፣ በፀረ ተሕዋስያን ታጥቦ የሚደርቅ ሳፋ ለማጽዳት ከሚያብረቀርቀው ወንበር የቀለለ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ወረርሽኝ ወቀሳው ቶሎ የሚያርፈው ጎንበስ ብላ እግር በምታጥበው ሠራተኛ ላይ ነው። እርሷ ግን ወንፊቱ መፈታት እንዳለበት የነገራት አልነበረም፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በእግር ገንዳ ሲነሣም አልታየም። ከዋትሰንቪል በኋላ ካሊፎርኒያ ገንዳዎቹ በየደንበኛው መካከል፣ በየቀኑና በየሁለት ሳምንቱ እንዴት እንደሚጸዱ የሚያዝዝ ደንብ አወጣች። ደንቡ ሠራተኛዋ ልታውቀው የምትችለውን ነገር በጽሑፍ አስቀመጠላት፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ወቀሳ ቢያንስ መሠረት ይኖረዋል። በሌላው ከተማ እንዲህ ያለ ደንብ በሠራተኛዋ ቋንቋ ካልተጻፈ ግን እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

የንቅሳት ነገርም ከዚህ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ 19 ሰዎች ከተነቀሱ በኋላ በፎርቱዪተም ዘመድ በኬሎኒ ታመሙ፤ ምንጩ ተበርዞ የመጣ ግራጫ ቀለም ነበር። ይህ ኬሎኒ የራሱ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍራንዝ ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1903 ከባሕር ኤሊ ያገኘውን ባክቴሪያ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው ብሎ አስተዋወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 አሜሪካ ሲደርስ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ተስፋ አደረጉበት፤ ፈውሱ ግን አልተገኘም። «ዘመድ ነው፣ ግን ገራም ነው» የሚለው ስብከት ኢስሊ ላይ ያስፈራውን ያህል በርሊን ላይ አስጎምጅቶ ነበር። አንዱ ቃል በአንድ ቦታ ሰው ያርቃል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ሰው በተስፋ ክንዱን ለመርፌ እንዲዘረጋ ያደርጋል።

በአፍሪካ ቀንድ ጉዳዩ ይበልጥ ክብደት የሚኖረው የሳንባ ነቀርሳ በእርግጥም የበዛበት አካባቢ ስለሆነ ነው። ሳምባ ውስጥ ሳይሆን በንፍፊት መልክ አንገት ላይ የሚወጣው ነቀርሳ በኢትዮጵያ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ የሚመግል እባጭ ሁሉ አንድ ስም እንዲሰጠው ፈተናው ትልቅ ነው። ብዙውን ጊዜም ያ ስም ትክክል ነው፤ የቲቢ መድኃኒት ታዞለት በጥርጣሬ ያቋረጠ ሰው ከጥንቃቄ ይልቅ ጥፋት ሠርቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ እንዲሠራበት የመከረው ጂን ኤክስፐርት የተባለው ምርመራ የነቀርሳን ባክቴሪያ ከሌሎቹ ስለሚለይ፣ በማይክሮስኮፕ ቀይ ዘንግ ታይቶ በዚህ ምርመራ ነቀርሳ ካልተገኘ፣ ጥያቄው ወደ ሌሎቹ የወገኑ አባላት መዞር አለበት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እዚህ ላይ ግን በሽተኛው ሳይደብቅ በሽታው ራሱ የሚደበቅበት ጊዜ አለ፤ የሚገለጠውም በተራ ጥያቄ ነው። መርፌ ከተወጋ፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት፣ ከተነቀሰ ወይም እግሩን ከታጠበ ሳምንታት በኋላ እባጭ የወጣበት፣ በተለመደው መድኃኒትም ያልዳነለት ሰው ለሐኪሙ ሁለት ነገር ሊል ይገባዋል፦ ቆዳው መቼና በምን እንደ ተበሳ መናገር፣ ናሙናውም በቤተ ሙከራው ስንት ቀን እንደሚቆይ መጠየቅ። አጠገቡ ቆሞ የሚተረጉምለት ሰው ካለ ደግሞ ሦስተኛው የእርሱ ድርሻ ነው፤ «ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም?» ብሎ ሳይጠየቅ ጠይቆ፣ መልሱን ከበሽታው ስም ቀድሞ መናገር።